ብሬከሩ ያልወረደባቸው ሳምንታት

ጋምቤላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኦባንግ ኦሞት፣
ማታር

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ሙቀቱ በርትቷል፤ ባሮም ወርዶ ድንጋዮቹ ወጥተዋል።

ደብዳቤህን ቶሚ ዓርብ አመሻሽ ላይ አደረሰልኝ። ቀን አልጻፍክበትም። የማታር ኔትወርክ እስኪመለስ ድረስ ወሬያችን በቶሚ መኪና ሰኞ ሄዶ ዓርብ የሚመለስ ከሆነ፣ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው መልስ በፊት እንደተጻፈ ያለ ቀን በምን አውቃለሁ? እንዳይደገም።

የጠየቅከኝን በተራ እመልሳለሁ።

አዎ፣ ሰክተሃቸው የሄድካቸው፣ የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያወጡት አራቱ የማይኒንግ ፍላሾች ይሠራሉ። አምስተኛውን ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ሰካሁት። በወረቀትህ መሠረት ብዙ አፍ ካለው መሰኪያ ላይ ቦታ መረጥኩ፣ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ድራይቨሩን ቀየርኩ፣ የሚሠሩትን ፍላሾች የሚቆጥረውን ጥቁሩን መስኮት አየሁ። አሁንም አራት ይላል። አምስት እስኪል ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት ፕሮግራሙ መዘጋት፣ ድራይቨሩ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ እንደገና መከፈት አለበት። አንተ መሐሉን ብቻ ጽፈህ ሁለቱን ጫፎች ትተሃል። ሆስፒታል ሳለሁ እንዲህ አድርጎ ትእዛዝ የሚጽፍ ሐኪም ነበር፤ ወረቀቱን መልሼ እሰጠው ነበር። ያንተንም በንጹሕ ገልብጬዋለሁ።

እነዚህ ነገሮች ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ አሁንም በደንብ አልገባኝም። አንድ ቁጥር እስኪገጥም ድረስ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ይገምታሉ ብለኸኛል። እኔ በተማርኩበት ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚገምት ልጅ መዳፉን በማስመሪያ ይመታ ነበር።

ቢሆንም ቃል ቃል ነው። ከመሄድህ በፊት ብሬከሩ በቀን ሦስት ጊዜ ይወርድ እንደነበር አልረሳሁም። ከዚህ ቆጣሪ የምንጠቀመው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ጎረቤቶቻችን እነ እንየውም ከመስመራችን ነው የሳቡት። በእኔ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ የእንየው ልጅ የቤርሳቤ ኢንሱሊን አለ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያ መድኃኒት ሞቆ ከተበላሸ ሌላ የሚያኖራት ነገር የለም። ገበያ ውዬ ስመለስ ብሬከሩ ወርዶ ፍሪጁ ውኃ ሲያንጠባጥብ ያገኘሁት ዕለት “ወይ መስመሩን አስተካክል፣ ወይ ፍላሾችህን ነቅለህ ውጣ” አልኩህ። አስተካከልከው። እኔም በየሳምንቱ አንድ እየጨመርኩ ስምንቱን ልሞላልህ ቃል ገባሁ።

ከሄድክ አሥራ አራት ቀን ሆነ፤ ብሬከሩ አንድ ጊዜም አልወረደም። ፍሪጁ አምስት ዲግሪ ላይ ነው። የቤርሳቤ የስኳር ደብተር ንጹሕ ነው። እንየው መስመሩ እንዲህ መበርታቱን አይቶ ትልቅ ዲፕ ፍሪዘር ገዛ፤ መናኸሪያ ላይ የላስቲክ በረዶ ሊሸጥ ነው። እኔም ፈቀድኩለት። “እጁ ይባረክ በሉልኝ ሲስተር” ብሎሃል። እኔም እላለሁ። ብዙ ጊዜ እንደማልለው ታውቃለህ።

አክስትህ አኬሎ


ማታር፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለሲስተር አኬሎ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቀኑን ከላይ ጽፌአለሁ። እኔ ደህና ነኝ። መጋዘኑ ቆርቆሮ ስለሆነ ከስድስት ሰዓት በኋላ ውስጡ አይቀመጡበትም፤ ጆንያ የምንቆጥረው ጠዋት ነው። ትናንት ከወንዙ ማዶ ሦስት ጀልባ ጨው መጥቶ ገበያው ሞቆ ነበር።

ስለ ወረቀቱ ይቅርታ። በእጄ ስለምሠራው መጀመሪያውና መጨረሻው አይታየኝም።

ስለ ስድስተኛው ፍላሽ ላሳስብዎት ነበር። ለጊዜው ይተዉት። በዚህ ሙቀት ፍላሾቹ ይጎዳሉ። እንዲያውም አምስተኛውንም ቢነቅሉት አይከፋኝም።

የእንየው ፍሪዘር ትልቅ ነው ያሉት ምን ያህል ትልቅ ነው? ቀንና ሌሊት ነው የሚሠራው? እባክዎን ይጻፉልኝ።

ሌላው፣ ቆጣሪው ያለበትን ሳጥን ሲያልፉ ክዳኑን በእጅዎ ይንኩት። ይሞቃል? የሚሸት ነገር አለ? ሳጥኑን ግን አይክፈቱት፤ ያልለመደ ሰው እንዳይከፍተው። ቤርሳቤ አሁንም አልጋዋ በእነ እንየው በኩል ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው?

ስለ መስመሩ የጻፉልኝን ምስጋና አነበብኩ። ይህን ያህል አያመስግኑኝ።

የወንድምዎ ልጅ ኦባንግ


ጋምቤላ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦባንግ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን ያገኘሁት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ለሴቶች ጉባኤ ኢታንግ ነበርኩ።

ስድስተኛውን ሰክቼዋለሁ። ፍላሾቹ በሙቀት ይጎዳሉ ያልከውን ተቀብዬ መፍትሔ አበጀሁለት። ሁለተኛ ማራገቢያ ገዝቼ ፊት ለፊት አቆምኩባቸው። አንድ ምክንያት ከሰጠኸኝ ምክንያቱን ማስወገድ እንጂ ሥራውን ማቆም አልተማርኩም። ጥቁሩ መስኮት ስድስት ይላል። ስህተት ብሎ የሚቆጥረው ከመቶ ሁለት ነው፤ ማራገቢያው ሳይገዛ በፊት አራት ነበር። አየህ።

ፍሪዘሩ ሰው ያስተኛል። ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

ሳጥኑን “በእጅዎ ይንኩት” ብለሃል። እጅ መለኪያ አይደለም። ቴርሞሜትር በፕላስተር ክዳኑ ላይ ለጥፌ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አነበብኩ፤ ሃምሳ ሦስት። ያ ግድግዳ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ስለሆነ አልገረመኝም። ሽታ የለም። እንየው ላስቲክ ነገር ሸተተኝ ብሎ ነበር፤ በዚህ ሰፈር ቆሻሻ የማይቃጠልበት ቀን የለም።

ቤርሳቤ አልጋዋ እዚያው ነው። ለምን ጠየቅክ?

ዓርብ ዕለት ከተማው በሙሉ መብራት ጠፍቶ ሌሊቱን አድሮ ነበር አሉ። እኔ ባልኖርም ስመለስ መጀመሪያ የከፈትኩት ፍሪጁን ነው። አምስት ዲግሪ፣ ብልቃጡ በቦታው። እንየውን “መድኃኒቱ እንዴት ሆነ?” አልኩት። “ሁሉም ደህና ነው ሲስተር” አለኝ። የዚህ ወር ድርሻዋ ያቺ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ናት፤ እርሷንም ሆስፒታል በር ለበር ለምኜ ነው ያገኘኋት። እግዚአብሔር ይመስገን። የደብተሯ ቁጥሮችም ከቅዳሜ ወዲህ 112፣ 118፣ 109 ናቸው። ሦስት ቀይ ኮከብ አደረግኩላት።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት እናቶች መስመራቸውን እንድታይላቸው ይፈልጋሉ። ስትመጣ ይሠራላችኋል ብያለሁ።

“ይህን ያህል አያመስግኑኝ” ያልከው ደስ አላለኝም። ትሕትና ከሆነ ደግ፤ ሌላ ከሆነ ጻፈው።

አክስትህ አኬሎ


ማታር፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሲስተር አኬሎ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

አክስቴ፣ አንድ መጥፎ ዜና አለኝ። ፍላሾቻችን አብረው የሚሠሩበት፣ ፑል የሚባለው የጋራ ማኅበር ተዘግቷል። ከነገ ጀምሮ መሥራታቸው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ሁሉንም ይንቀሉ። ማራገቢያዎቹንም። እንየውንም ፍሪዘሩን ለጥቂት ቀን እንዲያጠፋ ይንገሩት፤ መብራት ኃይል ሊፈትሽ ነው ይበሉት፣ ወይም የመሰለዎትን ይበሉት።

ለእናቶቹ አልችልም ብሏል በሏቸው። እባክዎን ለማንም እኔን አይላኩ።

የቤርሳቤን አልጋ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ቢያዞሩት ይሻላል። እዚያ ነፋስ አለ።

በቶሚ መኪና ልመጣ አለቃዬን ጠይቄ ነበር፤ እስከ ወር መጨረሻ አይቻልም አለኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት።

ኦባንግ


ጋምቤላ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦባንግ፣

ዋሽተኸኛል።

ደብዳቤህ ዓርብ ማታ ደረሰኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከመንቀሌ በፊት ጥቁሩን መስኮት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አየሁት። “ተቀባይነት አገኘ” የሚለው ቁጥር ከ4,118 ወደ 4,131 ወጣ። የተዘጋ ማኅበር ሥራ አይቀበልም። የላክህልኝ ትምህርት ይህን ያህል አስተምሮኛል።

ከዚያ ሦስቱንም ደብዳቤዎችህን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። በመጀመሪያው የፍላሾቹ ነገር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሙቀት፣ ሳጥን፣ ሽታ፣ አልጋ። በሦስተኛው ፍሪዘር፣ እንደገና አልጋ። ሆስፒታል ሳለሁ፣ የታመመ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ስለ አንድ ቅጠል በሦስት መንገድ ከጠየቀችኝ፣ ቅጠሉን ለልጁ እንዳጠጣችው አውቅ ነበር።

የራሴንም ስህተት አገኘሁ። ሳጥኑን የለካሁት አንድ ጊዜ፣ ያውም ፀሐይ ሲመታው ነበር። እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሁለት ቴርሞሜትር ለጠፍኩ። ግድግዳው ሃያ ስምንት። ሳጥኑ አርባ አንድ። ይህም ፍላሾቹ ከተነቀሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ያደረግኩትን ልንገርህ። ፍላሾቹ፣ ኮምፒውተሩ፣ ማራገቢያዎቹ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍተዋል። የቤርሳቤን አልጋ ራሴ ጎትቼ አዞርኩ። ትናንት ከለካሁ በኋላ እንየውን “ፍሪዘሩን አጥፋ” አልኩት። ግማሽ በረዶ ውስጡ እያለ፣ ያለ አንድ ቃል አጠፋው። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ዋጋ ላይ እንኳ ከጠጅ ሻጭ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ለምን አልጠየቀኝም? ይህንንም እያሰብኩበት ነው። ልጅቷም ዓርብ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ሙቀቱ ነው አሉኝ።

አሁን በመስመሩ ላይ ያለው ፍሪጁ ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሩፋኤል ሳጥኑን ይከፍትልኛል። ከዚያ በፊት በሁለት ሸክላ መሐል እርጥብ አሸዋ ሞልቼ ኢንሱሊኑን በውስጠኛው አስቀምጠዋለሁ፤ ከሃያ ስድስት ዲግሪ አያልፍም፣ ለሳምንታት ይበቃል። ቀድሞ መብራት በሌለበት ዘመን ስንት መድኃኒት እንዲህ አሳድረናል።

በሳጥኑ ውስጥ የማገኘውን አልጽፍልህም። ካንተ ማንበብ እፈልጋለሁ።

አኬሎ


ማታር፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ብሬከሩ አይሠራም። ከላይ የገባውን ሽቦ ከታች ከሚወጣው ጋር በመዳብ ሽቦ አገናኝቼ ብሬከሩን ዘልዬዋለሁ። ለዚህ ነው የማይወርደው። ቤቱ ቢቃጠልም አይወርድም ነበር።

በትክክል ልሠራው ፈልጌ ነበር። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ቤት ድረስ መቀየር ነበረበት፣ ለእነ እንየውም የራሳቸው ቆጣሪ መጠየቅ ነበረበት። ለዚያ ሁለት ሳምንት ያስፈልገኝ ነበር። እርስዎ እስከ እሁድ አሉኝ። ልንገርዎት በር ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜአለሁ። “አልቻልኩም” ማለት ለእርስዎ ቤት የሚሆን ቃል አልመሰለኝም።

አራት ፍላሽ ብቻ ከሆነ ይችለዋል ብዬ ነበር። ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ እርስዎ አምስተኛውን ሰኩ፣ ስድስተኛውን ሰኩ፣ ማራገቢያ ገዙ፣ ፍሪዘር መጣ። ለማቆም የጻፍኩት ምክንያት ሁሉ እርስዎ ዘንድ መፍትሔ አገኘ።

እንየው ያውቃል። ሽቦውን ስጠመዝዝ መሰላሉን የያዘልኝ እርሱ ነው። “ይህ ነገር ደህና ነው?” አለኝ። “እስክመለስ ብቻ” አልኩት። “ለሲስተር ንገራት” አለኝ። “አንተ ንገራት” አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም አልነገርንዎትም።

በየሳምንቱ ቶሚ ከእናንተ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ ፊቱን ነው የማየው። መጥፎ ነገር ይዞ ከሆነ ከፊቱ አውቃለሁ ብዬ።

ይቅርታ ብዬ አልጽፍም፤ የተበላሸ ነገር ሳይታይ ይቅርታ አይጠየቅም ብለው አስተምረውኛል። የሆነውን ይንገሩኝና እጠይቃለሁ።

ኦባንግ


ጋምቤላ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦባንግ፣

መጀመሪያ ይህን አንብብ። ቤርሳቤ በሕይወት አለች። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ቅዳሜ ወጥታለች። አሁን እዚህ እኔ ቤት ተኝታለች፣ ስትተነፍስ እሰማለሁ። ቀጥሎ የምጽፈውን ይህን ይዘህ አንብብ።

ሳጥኑ እንደጻፍከው ነው። ሩፋኤል ክዳኑን ሳይከፍት ከቦርሳው የሽቦ መቁረጫ አወጣ። “ውስጡ ሽቦ እንዳለ ማን ነገረህ?” አልኩት። ጣሪያውን አየ። እንየው ነግሮት ነበር። የሽቦው ልባስ ቀልጦ ወርዷል፣ ከጀርባው ያለው ጣውላ የእጄን ያህል ጠቁሯል። “ሲስተር፣ ሌላ ሳምንት አይሰጣችሁም ነበር” አለኝ። አዲስ ብሬከር ገብቷል። ለእነ እንየው የራሳቸው ቆጣሪ እንዲገባ አመልክተናል።

ግን ልጅቷን ያሳመማት ሽቦህ አይደለም። ይህን በግልጽ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እስከዚህ ድረስ ያንን ፈርተህ አንብበሃል።

ሰኞ፣ ቶሚ ሄዶ ሩፋኤል ሳይመጣ፣ ብልቃጡን ወደ ሸክላው ላዛውር አነሣሁት። ዓይኔ ደክሟል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። በመስታወቱ ላይ ነጭ እህል እህል የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ኢንሱሊን እንዲያ የሚሆነው በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ነው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ኃይሉ ያልቃል። የእኔ ፍሪጅ በረዶ ሠርቶ አያውቅም።

እንየውን ጠራሁት።

“ይህ መድኃኒት በረዶ ሆኖ ነበር?”

“ሲስተር...”

“ጠየቅኩህ እንጂ አልከሰስኩህም።”

“ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚሉት” አለ። “ከዚያ ይከሳሉ።”

በሠላሳ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ወንበር ላይ ሳልጋብዘው ተቀመጠ።

“ኢታንግ ሄደው ሳለ መብራት ጠፋ። ፍሪጅዎ እየሞቀ መጣ። እኔ ፍሪዘር ሙሉ በረዶ አለኝ። ለሰው ሁሉ በረዶ እየሸጥኩ የልጄ መድኃኒት ይሙቅ? ብዬ ከመሐሉ ቀበርኩት። ጠዋት ሳወጣው ድንጋይ ሆኗል። በብብቴ ይዤ አቀለጥኩት። ውኃው ያው ነው፣ መልኩ ያው ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ያቺን ብልቃጥ ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኩ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል ሲስተር። አራተኛውን መስማት ፈራሁ።”

የልጅቷን የስኳር መለኪያ አመጣሁ። ማሽኑ የለካውን ያስታውሳል፤ አንድ ቁልፍ ነው። ያንን ቁልፍ በየቅዳሜው መጫን ነበረብኝ፤ ደብተሩ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ስለተጻፈ አልተጫንኩትም። ደብተሩ 118 ባለበት ቀን ማሽኑ 287 ይላል። 109 ባለበት 340። የመጨረሻው 411 ነበር። ከዚያ አልጋዋ ሄድኩ። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። ሳጥኑን ሊከፍት የመጣው ሩፋኤል በሞተር ብስክሌቱ ሆስፒታል አደረሰን።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ መናገር ስትችል፣ ጠየቅኳት።

“ለምን 118 ብለሽ ጻፍሽ?”

“ከ120 በታች ሲሆን ቀይ ኮከብ ያደርጉልኛል።”

“ከ200 በላይ ሲሆንስ?”

“ዝም ይላሉ። አባቴ ሲቆጣ ይጮኻል፣ ያልቅለታል። የእርስዎ ዝምታ ግን እስከ ሌላው ቅዳሜ ነው” አለችኝ።

ኦባንግ፣ አርባ ዓመት በሆስፒታል ስሠራ፣ ያለ ምክንያት የወረደ ትኩሳት ካልወረደው ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። ተማሪ ነርሶችን ስለዚህ አስለቅሻለሁ። በቤቴ ግን ብሬከሩ መውረድ ሲያቆም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የልጅቷ ቁጥር ሲያምር ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ የምፈልገውን ነበር ሁላችሁም የምታሳዩኝ።

ይህን የምጽፈው ያንተን ጥፋት ለማሳነስ አይደለም። ያደረግከው ሰው የሚገድል ነገር ነው። ስትመጣ ከእንየው ፊት ቆመህ፣ ከልጅቷም ፊት ቆመህ በአፍህ ትናገረዋለህ። ለሁለቱ እናቶች ግን እኔ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ስምህን በየቤቱ ይዤ የዞርኩት እኔ ስለሆንኩ።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ሌላ ያልነገርከኝ ነገር አለ? ካለ ጻፈው።

አክስትህ አኬሎ


ማታር፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤርሳቤንም ይቅርታ ጠይቆሻል በሏት፤ ስመጣ በአፌ እደግመዋለሁ።

ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ አለ።

ማታር አልተመደብኩም። ጋምቤላ ከተማ ቦታ ነበረኝ፤ ኤርፖርቱ መንገድ ላይ ያለው መጋዘን ነበር የተሰጠኝ። ማታር የተመደበው ቾል የሚባል ልጅ ነው፤ ሚስቱ ልትወልድ ስለነበር መሄድ አልፈለገም፣ ልቀይርህ አልኩት። ለእርሱ አዝኜ አይደለም። ለመሄድ ምክንያት እፈልግ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። የጎደለብኝ ነገር የለም። ግን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም በርዎ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ጫማዬን፣ ቀጥሎ ጥፍሬን አያለሁ። ፍላሾቹንም እርስዎ ቤት የተከልኳቸው ሌላ ቦታ አጥቼ አይደለም። አንድ እኔ የሠራሁት ነገር ቀንና ሌሊት ሳይሳሳት ሲሠራ እንዲያዩልኝ ነበር።

ሌላ የለም። ይህ ነው የመጨረሻው።

ኦባንግ


ጋምቤላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦባንግ፣

ደብዳቤህን ዓርብ አነበብኩ፣ ቅዳሜ አነበብኩ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አነበብኩ። አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። ዓርብ ተቆጥቼ ነበር። ቅዳሜ መልስ ጽፌ ቀደድኩት፤ በተራ ቁጥር የተጻፈ መልስ ነበር። ዛሬ የተቆጣሁት ባንተ አይደለም።

ስለ ጫማው። አባትህ፣ ወንድሜ፣ እርሱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። በር ላይ ሲቆም አየው ነበር። ንጽሕና የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ቤርሳቤ ራሷ ለካች፣ ራሷ ጻፈች። 236። ማሽኑን ልመልከት አላልኩም። ገና ከፍተኛ ነው፣ መጠኑን ማስተካከል አለብን፣ ከሰዓት ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን። “ጎበዝ” አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ስለነበር ልጅቷ “አሞዎታል እንዴ ሲስተር?” አለችኝ። እንየው ውጭ ሆኖ ሳቀ። ከዚህ በፊት በእኔ ላይ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ምናልባት ስቆ ያውቅ ይሆናል፣ እኔ ሳልሰማ።

ፍላሾችህ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ሩፋኤል በአዲሱ ብሬከር ሁለቱን ይችላል ብሏል። ልስካቸው ወይስ አልስካቸው፣ ያንተ ናቸው፣ አንተ ወስን።

ለቾል ወንድ ነው ሴት የተወለደለት? ንገረኝ።

ለፋሲካ ና። ሥራ በዝቶብኛል፣ መኪና የለም፣ አለቃዬ ከለከለኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። መምጣት ካልፈለግክ አልፈልግም ብለህ ጻፍልኝ፤ አነበዋለሁ።

አክስትህ አኬሎ